መበለት በችሎት ፊት፦ ምሕረትና ፍርድ በዝቋላ የመሬት ክርክር

ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ሊነጥቃት ከመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋር ስትካሰስ የክርክሩ ጭብጥ ላይ ላዩን ሲታይ የሕግ ብቻ ነው፤ ይኸውም ይዞታው በማን ስም ተመዝግቧል፣ ድንበሩ እስከ የት ይደርሳል፣ ወራሹስ ማን ነው የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ተከራካሪዎቹም፣ በመካከላቸው የሚቀመጡት ሽማግሌዎችም፣ ብዙ ጊዜ ዳኛው ራሱም በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ያደጉ በመሆናቸው ከሕጉ ጭብጥ ሥር ሌላ ጥያቄ ተሸሽጎ ይኖራል፤ እርሱም የመበለትን መሬት ማስከበር ምሕረት ነው ወይስ ፍርድ የሚለው ነው። ምሕረት ማለት እዚህ ሰጪው ባይሰጥ የማይጠየቅበት፣ ቢሰጥ የሚመሰገንበት በጎ ሥራ ሲሆን፣ ፍርድ ግን ባለመብቱ ጠይቆ የሚወስደው፣ የከለከለውም ሰው በዳይ የሚባልበት ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ የአገሪቱ የቆየ ልማድና ዛሬ የሚሠራው ሕግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ መበለቲቱን የሚያቆሟት በችሎት ፊት ሆኖ ሳለ ምእመኑ ግን ደጋግሞ ወደ ምጽዋት ደጃፍ እንደሚመልሳት፣ ይህም ከሕግ ስሕተትነቱ ይልቅ የሃይማኖት ስሕተትነቱ እንደሚበልጥ ነው።

ዝቋላ ሲባል ብዙ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው በሸዋ ያለውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ተራራ ነው፤ እዚህ የሚነገረው ግን በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ያለው፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው አገር የሚገኘው፣ መቀመጫው ፅፅቃ የሆነው የዝቋላ ወረዳ ነው። ዝናቡ የማይታመን፣ ሕዝቡ በማሽላና በጤፍ፣ በፍየልና በንብ የሚኖር፣ ኽምጣኛና አማርኛ የሚነገርበት አገር ነው። እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬ ሁሉ በዚህም አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፣ ሞፈርና ቀንበር ግን የወንድ ነው። ባል ሲሞት እንግዲህ መበለቲቱ ከባሏ ጋር አራሹንም አብራ ታጣለች፤ ልጇ ካልደረሰ መሬቷን ለእኩል ወይም ለሲሶ ትሰጣለች፤ ይህም ማለት በሬና ጉልበት ያለው ሰው አርሶ ዘርቶ ምርቱን ግማሽ በግማሽ፣ አለዚያም በሦስት ተከፍሎ በሚደረስ ስምምነት ይካፈላታል ማለት ነው። አራሹ ብዙ ጊዜ የሟች ወንድም ነው። በመጀመሪያው ዓመት በወንድሙ ሐዘን ያርስላታል፤ በሦስተኛው ዓመት ድርሻዋን ያሳንሳል፤ ከዚያም በኋላ ማሳውን ያቀናው እርሱ እንደሆነ፣ አጥንቱም የአባቱ እንደሆነ መናገር ይጀምራል። ክርክሩ የሚወለደው ከጠላት ሳይሆን ከአጋዥ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ከተደረገው ለውጥ በፊት ዋግን ጨምሮ በሰሜኑ አገር የመሬት ሥሪት መሠረቱ ርስት ነበር። ርስት ማለት አንድ ሰው ገዝቶ የያዘው ንብረት ሳይሆን መሬቱን በመጀመሪያ ካቀናው አባት በመወለድ የሚገኝ የድርሻ መብት ሲሆን፣ ትውልዱም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር፤ በላዩ ላይ የባላባቱና የቤተ ክርስቲያኑ የግብር መብት፣ ማለትም ጉልት፣ ቢያርፍበትም ርስተኛውን ከነትውልዱ አይነቅለውም ነበር። በዚህ ረገድ ልማዱ ከኦሪት ይልቅ ለሴት የሰፋ ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ለሙሴ አቤት ብለው ርስት የተፈቀደላቸው ወንድም ስላልነበራቸው ሲሆን፣ በርስት ሥሪት ግን ሴት ልጅ ወንድም እያላትም ድርሻዋን መጠየቅ ትችላለች። መብቱ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረም አልነበረም፤ ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ ስለነበሩት የበጌምድር ሴቶች ንብረትና ሙግት ባቀረበው ጥናት ሴቶች መሬት ይዘው፣ አውርሰውና ተሟግተው እንደነበር አሳይቷል።

ሚስት ግን ከባሏ አባቶች ስለማትወለድ የባሏ ርስት ባለመብት አትሆንም፤ ባለመብቶቹ ልጆቿ ናቸው። ስለዚህ የጥንቷ መበለት በዳኛ ፊት ቆማ ስትሟገት የራሷ ስላልሆነ ነገር ትሟገት ነበር፤ ከሞተው ተቀብላ ላልደረሰው የምታስረክበው አደራ ነበረባት። ይህ ነጥብ ለያዝነው ጥያቄ ዋና ነገር ነው፤ ምክንያቱም ምሕረት የሚደረግለት ሰው የተደረገለትን ትቶ መሄድ ይችላል፣ የራሱን መብትም ሰው ስለ ሰላም ብሎ ሊለቅ ይችላል፣ አደራ ጠባቂ ግን የራሱ ያልሆነውን ለመተው ሥልጣን የለውም። የልጆቿን መሬት ስለ ሰላም ብላ እንድትለቅ የምትለመን ሴት የሌላ ሰው ገንዘብ እንድትመጸውት እየተለመነች ነው።

የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ መሬት ለአራሹ ብለው ሲሰለፉ በአእምሯቸው የነበረው ጭሰኛውና ባለመሬቱ እንጂ መበለቲቱ አልነበረችም። መፈክሩ ከኋላው አንድ የቆየ ፍልስፍና አለው፤ የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተከራከረው ሰው ድካሙን ከመሬት ጋር ሲቀላቅል መሬቱ የእርሱ ይሆናል የሚል ነው። ሐሳቡ ጭሰኛውን ነፃ ሲያወጣ እርፍ እንዳትጨብጥ በተከለከለች ሴት ላይ ግን ይዞርባታል፤ የሚያርሰው የባሏ ወንድም ወይም የእኩል አራሹ ከሆነ፣ አራሹ እርሱ ነውና መሬቱም ለእርሱ ነው ማለት ነውና። ልማዱ ከእርሻ ያርቃታል፣ ፍልስፍናው ደግሞ ስላላረስሽ ይላታል። ሴቲቱ የለቀመችው አረምና የተሸከመችው ነዶ በየትኛውም መፈክር ውስጥ አልተቆጠረም።

የሚያስገርመው ግን የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ቀዳዳ ማየቱ ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 10 ሄክታር ወስኖ፣ በተቀጣሪ ጉልበት ማሳረስን ከልክሎ ሲያበቃ፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ እንዲሁም ባለይዞታው ሲሞት የትዳር ጓደኛውንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን ከክልከላው አውጥቷቸዋል፤ በሞት ጊዜም በመሬቱ መጠቀሙን በቅድሚያ ለእነርሱ ሰጥቷል። ሃይማኖትን ለማዳከም የተነሣ መንግሥት በዚህ አንድ አንቀጽ ከብዙ ሰባክያን ይልቅ ወደ ኦሪቱ ቀርቧል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሕግ መብቷን ይበልጥ አጽንቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የሕዝቦች የጋራ ንብረት እንደሆነ ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ከወንዶች ጋር እኩል እንደሆኑ፣ በውርስም እኩል እንደሚታዩ ይናገራል። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ በአማራ ክልልም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሁለቱን ስምና ፎቶግራፍ ይዞ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ወራሾቹ ልጆች፣ እነርሱ ከሌሉ ወላጆች እያሉ ይቀጥላሉ። ስለዚህ የዝቋላዋ ክርስቲያን መበለት ደብተሩን ይዛ ስትቀርብ ግማሹ የእርስዋ የሚሆነው ስለወረሰችው ሳይሆን ቀድሞም የእርስዋ ስለነበረ ነው፤ በሌላው ግማሽ ደግሞ የምትቆመው ለልጆቿ ሞግዚት ሆና ነው። ሽማግሌዎች የባሏን መሬት ብለው ሲናገሩ በደብተሩ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ዘንግተውታል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ከዚህ የተለየ አይናገሩም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 መሬት ለዘለዓለም እንዳይሸጥ የተከለከለው መሬቱ የእግዚአብሔር ስለሆነ፣ ሰዎችም በእርሱ ዘንድ እንግዶች ስለሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብን ባለቤት አድርጎ የደረሰበትን ክልከላ ኦሪቱ እግዚአብሔርን ባለቤት አድርጎ ቀድሞ ደርሶበታል፤ በሁለቱም ዘንድ ሰው ባለይዞታ እንጂ የመጨረሻ ባለቤት አይደለም። ታዲያ መሬቱ የእግዚአብሔር ከሆነ መበለቲቱ የእኔ ነው ብላ መሟገቷ ስስት አይሆንምን የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ በተግባርም ይነሣባታል። መልሱ የሚገኘው በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 15 ነው፤ በዚያ እግዚአብሔር የትዕቢተኛውን ቤት የሚነቅል፣ የመበለቲቱን ዳርቻ ግን የሚያጸና ሆኖ ተነግሯል። የምድር ሁሉ ባለቤት ሰው ባሰመረው ድንበር ይገደዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 በጌባል ተራራ ከሚነገሩት እርግማኖች አንዱ የባልንጀራውን የድንበር ምልክት በሚያፈርስ ላይ፣ ከእርሱም ጥቂት ወረድ ብሎ ሌላው የመጻተኛውን፣ የድሃ አደጉንና የመበለቲቱን ፍርድ በሚያጣምም ላይ የተነገረ ነው። ሕዝቡ ሁሉ አሜን እንዲል የታዘዘው ለሁለቱም ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በመጀመሪያው ምዕራፉ ስለ መበለት የሚያዝዘው ዳቦ እንዲሰጣት ሳይሆን እንዲሟገቱላት ነው።

በስብከት ብዙ ጊዜ የምትነሣው መበለት ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ሁለት ሳንቲም በመባ ሣጥን የጣለችው ናት፤ ያላትን ሁሉ በመስጠቷ የተመሰገነችው። ከእርስዋ ታሪክ አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ ጌታ ጸሎት እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጸሐፍት ይኮንናል። ሁለቱ ክፍሎች ተያይዘው ቢነበቡ ያቺ ሴት ሁለት ሳንቲም ብቻ የቀራት ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም ነበር። ለየብቻ ሲነበቡ ግን መበለት የመስጠት ምሳሌ ትሆናለች፤ የበላት ሰውም ከስብከቱ ይወጣል።

ይህ አነባበብ በመሬት ክርክር ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለው። የሟች ወንድም ድንበር በገፋ ጊዜ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸውም የንስሐ አባት ይኖራል። ሴቲቱ ነገሩን ካስረዳች በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ ስለ ማርያም ብለሽ ተይው፣ የልጆችሽ አጎት ነው፣ ነገ ለቁም ነገር የሚቆምልሽ እርሱ ነው ይላታል። ስለ ማርያም የተባለችው እርስዋ ናት፤ ድንበር የገፋው ሰው ስለ ማርያም ብለህ መልስ አልተባለም፣ ቢባልም በመጨረሻ ነው። እንቢ ካለች ነገረኛ ትባላለች። የእመቤታችን ስም በዚህ መንገድ ሲጠራ ምሕረትን ከበደለኛው ወደ ተበዳይ ያዞረዋል፤ ምሕረት መለመን የሚገባው ሰው የሚማረው በተበዳይዋ ኪሳራ ይሆናል ማለት ነው።

እርቅን ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ማቃለል ሚዛናዊ አይሆንም። የፍርድ ቤት ውሳኔ አያርስም፣ የታመመ ልጅ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አያደርስም፤ ሴቲቱ ከተረታው ሰው ጋር በአንድ ምንጭ ውሃ ትቀዳለች፣ በአንድ ደብር ታስቀድሳለች። ሽማግሌ ይህን ያውቃል፣ ዳኛ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው እርቅ ይቅደም ወይስ ክስ የሚል አይደለም፤ እርቁ የሚጀምረው ከየት ነው የሚል ነው። የቤተ ክርስቲያን የንስሐ ሥርዓት ራሱ ለዚህ መልስ አለው፤ የቀማ ሰው ኃጢአቱን ሲናዘዝ የቀማውን እንዲመልስ ይታዘዛል፣ ሳይመልስ የሚደረግ ንስሐም ጎዶሎ ነው። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ በቤቱ በገባ ጊዜ ነው። መሬቱ ተመልሶ፣ የምርቱ ዋጋ ተቆጥሮ ከዚያ በኋላ ይቅር በይው ቢባል ይህ እርቅ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚባለው ግን ነጠቃውን በመስቀል ማተም ነው።

ሴቲቱ በእርቁ ሳትስማማ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄድ የሚጠብቃት ሥርዓትም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ይህ ክስ የመጨረሻው ባለመብት ማን እንደሆነ ሳይመረመር የተነጠቀው እንዲመለስ፣ የተፈጠረው ሁከት እንዲቆም የሚጠየቅበት ፈጣን መንገድ ነው። ነገር ግን በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በአገሩ ሥርዓት ሐዘን አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እያለ ይሄዳል፤ ለተዝካሩ እህል ይወጣል፣ ብድር ይገባል፤ ሴቲቱ የሐዘን ልብሷን ሳታወልቅ ክስ ብትመሠርት ሬሳው ሳይደርቅ ትባላለች። ለሟች ነፍስ የሚቆጠረው ቀን በሕጉ አቆጣጠር ከሕያዋኑ መብት ላይ እየተቀነሰ ነው፤ ድንበር ገፊው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ከዚያም የራፖር ጸሐፊ አለ፤ በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ በክፍያ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነው፤ በኽምጣኛ የታሰበውን በደል በአማርኛ የሕግ ቃል ያሰፍረዋል። በወረዳው የተፈረደው በይግባኝ ወደ ሰቆጣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ መንገድ፣ ማደሪያ፣ ለፍየሎቹም እረኛ ያስፈልጋል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ላልቻለ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በድሃ ደንብ መክሰስን ፈቅዷል፤ አመልካቹ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ፣ ድህነቱን በመሐላ አረጋግጦ ያለ ክፍያ ይሟገታል። ደንቡ ደግ ነው፤ ያለ እርሱ ብዙ በር ይዘጋ ነበር። ሆኖም መብቷን ልትጠይቅ የመጣችው ሴት በመጀመሪያ የምታስረዳው የእኔ ነው የሚለውን ሳይሆን የለኝም የሚለውን ነው፤ ከምጽዋት ወደ ፍርድ የሸሸችው እንደገና በምጽዋት በር ትገባለች።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችው መበለት በዚህ ሁሉ ፊት ስትነበብ ከተለመደው ሌላ መልክ ትይዛለች። ዳኛው እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውን የማያፍር ነው፤ የፈረደላትም ስለነዘነዘችው ነው። ምሳሌው ሳይታክቱ ስለ መጸለይ እንደተነገረ ወንጌላዊው ራሱ ገልጾታል፣ ስለዚህ ትርጓሜው በጸሎት ላይ ማረፉ ትክክል ነው። ነገር ግን ጌታ ለጸሎት ምሳሌ ሲፈልግ የመረጠው ለማኝን አይደለም፤ ባላጋራዋን የከሰሰች፣ በእምቢታ ያልተመለሰች ተሟጋች ሴትን ነው። ነገረኛ የሚለው የመንደሩ ስም በወንጌል የእምነት አርአያ ሆኗል። ሴት ልጅ ችሎት ለችሎት መመላለሷ የመንፈሳዊነት ጉድለት ነው የሚል ሰው ከዚህ ምዕራፍ ጋር መጣላቱን ይወቅ።

በአንጻሩ ሥርዓት ራሱ የነጠቃ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል የናቡቴ ታሪክ ይመሰክራል። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በጉልበት አልወሰደውም፤ ንግሥት ኤልዛቤል በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ ጻፈች፣ ጾም ታወጀ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ቀረቡ፤ የሚጎድል ሥርዓት አልነበረም። በገጠር መሬት ክርክር ወሰን የሚታወቀው ከደብተሩ ሌላ በአዋሳኞች ምስክርነት ነውና በሐሰት የሚምል አንድ ጎረቤት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወንጌል ላይ እጁን ጭኖ የሚምለው ሰው የሚናዘዝበት አባት አለው፤ የንስሐ አባቶች ድርሻ በሽማግሌ ጉባኤ ከሚናገሩት ይልቅ እዚህ ላይ ይበልጣል።

ለዋግ ኽምራ ከሁሉ የሚቀርበው የመጽሐፍ ታሪክ ግን በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የሱነማዊቱ ሴት ነው። ይህች ሴት በነቢዩ ኤልሳዕ ምክር ከረኃብ ሸሽታ 7 ዓመት በፍልስጥኤማውያን አገር ከቆየች በኋላ ተመልሳ ስለ ቤቷና ስለ መሬቷ ለንጉሡ አቤት አለች፤ በቀደመው ታሪክ ሽማግሌ እንደነበረ የተነገረው ባሏ በዚህ ጊዜ አይነሣምና ብዙዎች መበለት ሆና እንደነበር ይረዳሉ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ፣ በየጊዜው በሚመላለሰው ድርቅ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም በነበረው ጦርነት ከዋግ ቆላማ አገሮች ተፈናቅሎ የተመለሰ ሰው ነገሩን ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል፤ ተመላሹ የሚያገኘው ባዶ መሬት ሳይሆን ሌላ ሰው ያረሰው መሬት ነው። ንጉሡ ሴቲቱን ስለ ምን ለቀሽ ሄድሽ አላላትም፤ ድህነቷን እንድታስረዳም አልጠየቃትም። ጠየቃት፣ ነገረችው፣ ፈረደላት፤ የእርስዋ የሆነው ሁሉ፣ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ መሬቱ ካፈራው ፍሬ ጋር እንዲመለስላት አዘዘ፤ ትእዛዙን የሚያስፈጽም ሹምም በዚያው ቀን አብሮ መደበላት። ዛሬ በዝቋላ ወረዳ ፍርድ ቤት የምትረታ መበለት የፍርዱን ግልባጭ ተቀብላ ስትወጣ ተረቺው በፈቃዱ ካልለቀቀላት መሬቱን ለመረከብ እንደገና ማመልከቻ አስጽፋ ሌላ መዝገብ፣ ማለትም የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማስከፈት አለባት።